ከዘር ወይስ ከቁራጭ? ጓሮ ላይ ከመትከላችሁ በፊት

ወልቂጤ አካባቢ ባለው የቤተሰቦቼ ጓሮ ሁለት የአቮካዶ ዛፎች ጎን ለጎን ቆመዋል። አንዱን የተከልኩት እኔ ነኝ፣ ከዘር። አንድ ቀን በጣም የጣፈጠኝ አቮካዶ በላሁና ውስጡ ያለውን ፍሬ መጣል አሳዘነኝ። አጠብኩት፣ በስቲኪኒ ወጋሁት፣ ውሃ በያዘ ብርጭቆ አፍ ላይ አስቀመጥኩት። ከወር ከምናምን በኋላ ተሰነጠቀና ሥር አወጣ። ቤቱ ሁሉ ተደሰተ። ዛፉ አደገ፣ ወፈረ፣ ጥላ ሆነ፣ ፍሬ ግን የለም። በሰባተኛው ዓመት አፈራ። ያፈራው ደግሞ ትንሽ፣ ውሃ ውሃ የሚል፣ ከሥጋው ዘሩ የሚበልጥ ነገር ነው። ሁለተኛውን ታናሽ እህቴ ከኔ አራት ዓመት ዘግይታ ግራፍት የተደረገ፣ ማለትም የሌላ ዛፍ ቅርንጫፍ ግንዱ ላይ የተቀጠለበት ችግኝ ገዝታ ተከለችው። እሱ በሦስት ዓመቱ ሰጠ። ሁለቱ በአንድ ክረምት አፈሩ ማለት ነው፤ እንግዳ ሲመጣ የሚቆረጠው ግን የእህቴ ነው።

ይህን የምጽፈው ያንን ሰባት ዓመት ሌላ ሰው እንዳያጠፋ ብዬ ነው። ነገሩ ከባድ አይደለም። አንድ ጥያቄ ብቻ ቀድማችሁ መልሱ። የምትፈልጉት እናትየዋን ራሷን ነው ወይስ ልጇን?

ትምህርት ቤት ጾታዊ ርቢና ኢጾታዊ ርቢ እያልን የተማርነው እዚህ ጋ ነው ሥራ ላይ የሚውለው። አበባው ላይ የወንዴው ብናኝ ሴቴው ላይ ያርፋል፣ ይዳቀላሉ፣ ዘር ይሆናል። ያ ዘር ልጅ ነው። እናቱን ሊመስል ይችላል፣ አባቱንም፣ ማንንም ላይመስል ይችላል። ቅርንጫፍ ቆርጣችሁ ስትተክሉ፣ ድንች ስትቀብሩ፣ የሙዝ ቡቃያ ስታፈልሱ ግን አባት የሚባል ነገር የለም። የምትተክሉት እናትየዋን ናት። ጣዕሟን፣ ቁመቷን፣ ጉድለቷንም፣ በሽታም ካለባት በሽታዋን ጭምር።

አቮካዶ ለምን እንዲህ ያታልላል? አበባው ሁለቴ ነው የሚከፈተው። መጀመሪያ ሴት ሆኖ ይከፈታል፣ ይዘጋል፣ በማግስቱ ወንድ ሆኖ ዳግም ይከፈታል። አንዳንዱ ዝርያ ጠዋት ሴት፣ በማግስቱ ከሰዓት ወንድ ነው። ሌላው ተቃራኒው። ስለዚህ ንቧ ብናኙን የምታመጣው ብዙ ጊዜ ከሌላ ዛፍ ነው፣ ምናልባት ከጎረቤት አጥር ወዲያ። እናንተ የበላችሁት ሥጋ የእናትየዋ ነው፤ መሀል ያለው ዘር ግን አባቱን የማታውቁት ልጅ ነው። እኔም የሥጋውን ጣዕም አምኜ ዘሩን ተከልኩ፤ ስህተቴ እሱ ላይ ነው።

ግን ዘርን አትናቁ። ዛሬ በዓለም ገበያ ላይ ከሁሉ በላይ የሚሸጠው ሃስ የሚባለው አቮካዶ የተገኘው ከዘር ነው። ሩዶልፍ ሃስ የሚባል የካሊፎርኒያ ፖስታ አዳይ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ዘር ገዝቶ ተከለ። ሐሳቡ የበቀለው ላይ ሌላ የታወቀ ዝርያ ግራፍት ማድረግ ነበር። አንዷ ችግኝ ግን ግራፍቱን አልቀበል አለች። ተዋት፤ አፈራች፤ ጣፈጠች፤ በ1935 በስሙ አስመዘገባት። ያቺ እናት ዛፍ በ2002 ደርቃ ሞተች። አሁን በየአገሩ ያለው ሃስ ሁሉ የእሷ ቅርንጫፍ ተቆርጦ እየተቀጠለ የበዛ ነው። አዲስ ነገር የሚመጣው ከዘር ነው፤ የተገኘውን አዲስ ነገር ሳይለወጥ የሚያበዛው ደግሞ ቁራጭ ነው። የሃስ ዕጣ የሚደርሰው ግን ከስንት አንዱ ነው። ጓሮው ለሁለት ዛፍ ብቻ ቦታ ካለው ሎተሪ አትቁረጡበት።

ከዘር ቢተከል የማያሳፍረው

ራሱን በራሱ የሚያዳቅል ተክል ከሆነ ዘሩን ያለ ስጋት ዝሩ። ልጁ እናቱን ይመስላል፣ ምክንያቱም አባትም እናትም አንድ ናቸው።

ቡናችን እንዲህ ነው። አረቢካ በአብዛኛው ራሱን ነው የሚያዳቅለው። እ.ኤ.አ. በ1971 የቡና ፍሬ በሽታ አገራችን ሲገባ ተመራማሪዎች በሽታውን የሚቋቋሙ እናት ዛፎችን ከየጫካው መረጡና ዘራቸውን አባዙ። 74110 እና 74112 የሚባሉት ከመቱ አካባቢ የተመረጡ ናቸው፤ ቁጥሩ ራሱ የተመረጡበትን 1974 ይዟል። እስከ ዛሬ ገበሬው የሚተክላቸው ከዘር ነው፣ ደግሞም ያንኑ ሆነው ይወጣሉ። ለቡና ዋናው ጥንቃቄ ሌላ ነው። ዘሩ ትኩስ ይሁን። በደንብ ከቀላ ፍሬ ይፈልፈል፣ ፀሐይ ሳይሆን ጥላ ላይ ይድረቅ፣ ወራት ሳይቆይ ይዘራ። ቤት ውስጥ ዓመት የከረመ ቡና አይበቅልም፣ አትልፉ።

ጤፍም እንደዚያው ነው፤ ትንሽ ልቆይበት፣ ምክንያቱም ደስ ይለኛል። የጤፍ አበባ ከማነሱ የተነሳ በዓይን ለማየት ያስቸግራል፣ የሚከፈተውም ማለዳ ላይ ለአጭር ጊዜ ነው። ለረጅም ጊዜ ሁለት የጤፍ ዓይነቶችን ማዳቀል አይቻልም ይባል ነበር። ዶክተር ታረቀ በርሄ በ1974 (አሁንም በፈረንጆቹ) ያቺን ሰዓት አገኙት፤ ከጠዋቱ 12:45 እስከ 1:30 ገደማ። ከዚያ በኋላ ነው ሆን ብሎ ማዳቀል የተቻለው፤ ቢሾፍቱ ላይ የወጣው ቁንጮ ጤፍም የዚያ ልጅ ነው። ለገበሬው ግን ጤፍ አንዴ ከተዳቀለና ከረጋ በኋላ በራሱ ይቀጥላል። የቁንጮ ዘር ከራሳችሁ አውድማ ብታስቀሩ በቀጣዩ ዓመትም የሚበቅለው ቁንጮ ነው፣ ሌላ ካልተቀላቀለበት።

በቆሎ ግን ሌላ ጣጣ ነው። በቆሎ ነፋስ ያዳቅለዋል፣ ከማንም ጋር። አናቱ ላይ ያለው ወንዱ ነው፣ ብናኙን ያራግፋል። ሴቷ ጎኑ ላይ ያለችው እሸት ናት። እስቲ አንድ ለጋ እሸት በጥንቃቄ ላጡት። ጸጉሩን አንድ በአንድ ተከትላችሁ ወደ ታች ውረዱ። እያንዳንዱ ጸጉር ከአንድ ፍሬ ጋር ነው የተያያዘው። ጸጉሩ ጫፍ ላይ ብናኝ ካረፈ ፍሬዋ ትሞላለች፣ ካላረፈ ባዶ ትቀራለች። ያ ጥርሱ የወላለቀ የሚመስለው በቆሎ ጸጉሩ ብናኝ ያላገኘ ነው። እናቴ አጥር ሥር በአንድ ረድፍ ስትተክል ሁሌም ወላቃ ነበር የምናገኘው። አራት አጫጭር ረድፍ አድርገን ጎን ለጎን ስንተክለው ሞላ።

ድቅል በቆሎ፣ ቢኤች 660 ወይም መሰሎቹ፣ ከሆነ ደግሞ ዘር አታስቀሩ። ድቅሉ ጉልበቱ በመጀመሪያው ትውልድ ላይ ነው። ልጆቹ አንዱ ረጅም፣ አንዱ አጭር፣ አንዱ ባዶ ሆነው ይበታተናሉ፣ ምርቱም ይወርዳል። በየዓመቱ መግዛቱ ያንገበግባል፣ ግን ያልተገዛው የበለጠ ያስከፍላል። ፓኬቱ ላይ ድቅል የሚል ቲማቲምም እንደዚሁ ነው። ድቅል ያልሆነ ቲማቲምና ቃሪያ ከሆነ በደንብ ከበሰለው ላይ ዘር አስቀሩ፣ ችግር የለውም። ቃሪያው ብቻ ከሚያቃጥለው ሚጥሚጣ ራቅ ይበል፣ ንብ ታደባልቃቸዋለች።

ፓፓያን ከዘር ነው የምታበቅሉት፣ ግን አንድ ብቻ አትትከሉ። ወንድ ሊሆን ይችላል። በአንድ ጉድጓድ ሦስት ችግኝ አድርጉና አበባ እስኪያወጡ ጠብቁ። ረጅም ዘለላ ላይ ብዙ ትንንሽ አበባ ያንጠለጠለው ወንድ ነው። ግንዱ ላይ ተጠግታ ትልቅ አበባ የምታወጣው ሴት ናት፣ እሷን አስቀሩ። ወንዶቹን ሁሉ ግን አትንቀሉ፤ ሰፈር ውስጥ አንድም ካልተረፈ ሴቷ ያለ ብናኝ ትቸገራለች።

ለጥላና ለደን የምትተክሉትን ዋንዛ፣ ዝግባ፣ ወይራም ከዘር አድርጉት። ከዘር የበቀለ ዛፍ ወደ ታች ጠልቆ የሚወርድ ዋና ሥር አለው፣ ነፋስ አይጥለውም። ደግሞ ዘሩን ከአንድ ዛፍ ብቻ ሳይሆን ከብዙ እናቶች ሰብስቡ። የተለያዩ ከሆኑ አንድ በሽታ መጥቶ ሁሉንም በአንድ ጊዜ አይጠርጋቸውም።

ከቁራጭ ካልሆነ የማይሆነው

ነጭ ሽንኩርት፣ ሙዝ፣ ስኳር ድንች፣ ሸንኮራ። እነዚህ ላይ ምርጫ የላችሁም፣ አትጨነቁ። የምንበላው ሙዝ ዘር የለውም፤ መሀሉ ላይ የምታዩዋቸው ጥቃቅን ጥቁር ነጥቦች ሳይበስሉ የቀሩ ዘሮች ናቸው። ምርጫችሁ የትኛውን ቡቃያ ልንቀል የሚለው ላይ ነው። እንደ ጎራዴ ቀጫጭን ቅጠል ያለውን ውሰዱ። ትንሽ ሆኖ ሳለ ሰፋፊ ቅጠል ያበጀው ያምራል፣ ግን ከእናቱ ጋር በደንብ ስላልተያያዘ ደካማ ነው።

እንሰት ላይ አያቴ የምትሠራው ሥራ እስከ ዛሬ ዓይኔ ላይ አለ። እንሰት እንደ ሙዝ ዝም ብሎ ልጅ አያወጣም። ሁለት ሦስት ዓመት የሞላውን ትመርጣለች፣ ከመሬት ትንሽ ከፍ አድርጋ ትቆርጠዋለች፣ ከዚያ መሀሉ ላይ ያለውን እምብርት በቢላ ጫፍ ፈልፍላ ታወጣዋለች። ሥራው ሁሉ እዚያ ላይ ነው። ያ እምብርት ካለ ወደ ላይ ማደግ ይቀጥላል። እሱ ሲወጣ አሚቾው፣ መሬት ውስጥ ያለው ወፍራሙ ግንድ፣ ዙሪያውን በተኙት ዓይኖች በኩል ያቆጠቁጣል። አፈርና ፍግ ታለብሰዋለች። ሳምንታት ቆይቶ ከአንድ እናት አርባ፣ ሃምሳ፣ አንዳንዴ ከመቶ በላይ ቡቃያ ይወጣል። ሁሉም ያችኑ እናት ናቸው። ለቆጮ የሚመረጠው ለቆጮ፣ ለአሚቾ የሚመረጠው ለአሚቾ ሆኖ ከትውልድ ትውልድ ሳይቀየር የደረሰው በዚህ ነው። እንሰት ቢተው ያብባል፣ ዘርም ይሰጣል፤ የዱሩ እንሰት የሚራባው በዘር ነው። እኛ ግን አብቦ ሳይጨርስ ነው የምንፍቀው።

የዚህ መንገድ አደጋ በሽታ ነው፣ እዚህ ላይ ቀልድ የለም። የእንሰት አጠውልግ የሚባለው በሽታ የሚመጣው ከባክቴሪያ ነው፣ ሙዝንም ይይዛል፤ በአንድ ቢላ ከታመመው ወደ ጤነኛው ይሄዳል፣ ከታመመ ጓሮ በመጣ ቡቃያም ይገባል። ቢላችሁን ከአንዱ ወደ ሌላው ስታልፉ በእሳት ለብልቡት ወይም በበረኪና እጠቡት። ዘመድ «ውሰዱ» ብሎ ቡቃያ ሲሰጣችሁም ሄዳችሁ እናትየዋን እዩዋት። ቅጠሏ ቢጫ ሆኖ ከጠወለገ፣ ስትቆረጥም ክሬም የመሰለ ፈሳሽ ካወጣች፣ አመስግናችሁ ባዶ እጃችሁን ተመለሱ።

ድንች ላይ ያለው ስህተት ደግሞ ሁሉም ቤት ያለ ነው። ትልልቁ ይሸጣል ወይ ይበላል፣ ትንንሹ ለዘር ይቀመጣል። ትንሽ የሆነው ግን ብዙ ጊዜ እናቱ በቫይረስ ስለታመመች ነው። እናንተ በየዓመቱ የታመመውን እየመረጣችሁ ትተክላላችሁ፣ ድንቹም በየዓመቱ ያንሳል፣ ከዚያ «መሬቱ ደከመ» ይባላል። መፍትሔው ገንዘብ አይጠይቅም። ተክሉ ሲያብብ ማሳው ውስጥ ግቡ፣ ለምለምና ጠንካራ የሆኑት አጠገብ እንጨት ትከሉ። ስትቆፍሩ የእነዚያን ለብቻ አውጡ። የዶሮ እንቁላል የሚያህለው ለዘር በቂ ነው። ጨለማ ውስጥ አትዝጉበት፤ ቀጥታ ፀሐይ የማያገኘው ብርሃን ያለበት ቦታ ዘርጉት፣ አጭርና ወፍራም ቡቃያ ያወጣል። ያ ለዘር እንጂ ለወጥ አይሁን፣ አረንጓዴ የሆነ ድንች መርዝ አለው።

ሁሉም አንድ ዓይነት መሆኑ ምን ያህል እንደሚያስከፍል አየርላንድ አይታዋለች። ድሃው የሚበላው ላምፐር የሚባል አንድ የድንች ዓይነት ነበር፣ ሁሉም ቅጂ። እ.ኤ.አ. በ1845 ዋግ መሰሉ በሽታ መጣና ጠራረገው። በዚያ ረሃብ አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው ሞተ። ግሮስ ሚሼል የሚባለውን ሙዝም የፓናማ በሽታ ከገበያ አስወጥቶታል። ስለዚህ ከቁራጭ ስትተክሉ ቢያንስ ሁለት ሦስት ዓይነት ቀላቅሉ። አያቴ ጓሮ ውስጥ ስማቸው የተለያየ ስንት ዓይነት እንሰት እንደነበር ሳስብ፣ ይህን ማንም ሳያስተምራት ታውቀው ነበር።

ለማየት ዘር፣ ሲፈተሽ ቅጂ

ሎሚና ብርቱካን ያስገርማሉ። አንድ ዘር ትዘራላችሁ፣ ሁለት ወይም ሦስት ችግኝ ይበቅላል። አንዱ ከአባትና ከእናት የተወለደ ሊሆን ይችላል፣ ሌሎቹ ግን ያለ አባት ከእናትየዋ አካል በቀጥታ የተፈጠሩ ቅጂዎች ናቸው። ስለዚህ የጣፈጣችሁን ብርቱካን ከዘር ብትተክሉ እናቱን የመምሰሉ ዕድል ከአቮካዶ በጣም ይሻላል። አንዳንድ ማንጎም እንዲህ ነው። ችግሩ ጊዜው ነው። ከዘር የበቀለ ብርቱካን ለዓመታት እሾህ ብቻ ሆኖ ያድጋል። ቶሎ መብላት ከፈለጋችሁ እሱንም ግራፍት የተደረገ ግዙ።

ስትገዙ ምን ታያላችሁ

ችግኝ ሻጭ «የተዳቀለ ነው» ካላችሁ ጠይቁት፣ ቃሉ ሁለት ነገር ይዞ ነው የሚዞረው። ድቅል ማለት ሁለት ወላጆች በአበባ ተገናኝተው የወለዱት ዘር ነው። ግራፍት ማለት ደግሞ የአንዱን ቅርንጫፍ በሌላው ግንድ ላይ መቀጠል ነው፣ እዚያ ምንም ልደት የለም። ለአቮካዶና ለማንጎ የምትፈልጉት ሁለተኛውን ነው።

ጎንበስ ብላችሁ ግንዱን እዩ። ከአፈሩ አንድ ስንዝር ገደማ ከፍ ብሎ ጠባሳ መኖር አለበት፣ ትንሽ ያበጠ ወይም ጠመም ያለ፣ አንዳንዴም የላስቲኩ ምልክት ያልጠፋ። አንድ ጊዜ መንገድ ዳር አምስት የማንጎ ችግኝ በግራፍት ዋጋ ገዛሁ። ቤት ስደርስ ሁለቱ ከላይ እስከ ታች ልሙጥ ናቸው። ከዘር የበቀሉ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ብር ከማውጣቴ በፊት በጣቴ እዳስሳለሁ። ስትተክሉ ጠባሳው ከአፈር በላይ ይሁን። ከጠባሳው በታች የሚበቅለውን ቡቃያ ሁሉ ቀንጥሱት፣ እሱ ሥር የሆነው ተክል ነው፣ ዝም ካላችሁት የገዛችሁትን አንቆ እሱ ያድጋል።

ጽጌረዳና የጥብስ ቅጠል ለመሳሰሉት ግን ብር አታውጡ። ከጎረቤት ለምኑ። የጥብስ ቅጠል ከዘር ቀርፋፋ ነው፤ ለጋ ጫፉን ስንዝር የማይሞላ ቆርጣችሁ የታችኛውን ቅጠል አራግፉና አሸዋ በበዛበት አፈር ውስጥ ሰክታችሁ ጥላ ሥር አስቀምጡት። ጽጌረዳ ከሆነ እርሳስ የሚያህል ውፍረት፣ ሦስት አራት ዓይን ያለው፣ ከታች በኩል ከዓይኑ ሥር ተጠግቶ የተቆረጠ። ላይና ታቹ እንዳይገለበጥባችሁ። አበባ ካወጣ ቁረጡት፣ ጉልበቱን ለሥር ይተው። ደግሞ በቀለ አልበቀለም እያላችሁ እየነቀላችሁ አትዩ፤ ፀጉር የመሰለችው ሥር በዚያ ትበጠሳለች። በሶብላ ግን ዘሩን ዝሩት፣ በቀናት ውስጥ ብቅ ይላል።

ያ የኔ አቮካዶ አልተቆረጠም። ሥሩ ጠልቋል፣ ግንዱ ወፍሯል፣ ክፉ ነገሩ ፍሬው ብቻ ነው። ባለፈው ዓመት ጎርደን አሳጠርነው፣ ዙሪያውን ሲያቆጠቁጥ ሦስት ጠንካራ ቡቃያ አስቀረንና ከእህቴ ዛፍ የተቆረጡ ቅርንጫፎችን ቀጠልንበት። አንዱ ደረቀ። ሁለቱ ይዘዋል፤ አሁን ክንድ ያህል ሆነዋል፣ ቅጠላቸውም የእህቴን ዛፍ ቅጠል ነው የሚመስለው።